የጋሽ ዘገዬ ፊላ

ከሞጆ እስከ አዋሽ ባለው አገር ሐኪም የሌለው ከተማ ይገኛል፤ መብራት የሌለውም ሞልቷል። መንግሥት ከባሕር ማዶ ሊያስመጣ ያሰበው ዕቃ ሁሉ ጓሮዬ ውስጥ ወድቋል ብሎ የሚያምን ሰው የሌለው ከተማ ግን የለም።

የናዝሬቱ ጋሽ ዘገዬ ይባላሉ። በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ሹመታቸው "የፍሳሽ ኩሬ ጠባቂ" ይላል። ኩሬውን ከማን እንደሚጠብቁት ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም፤ በአገሩ ሌባ የማይመኘው የመንግሥት ንብረት ቢኖር ይኸው የቄራው እጣቢና የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶቹ ፍሳሽ የሚወርድበት ኩሬ ነው። ጋሽ ዘገዬ በየማለዳው ዳሩ ላይ ይቆሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው አየሩን በረጅሙ ይስባሉ።

"ዛሬ ከተማው ሽሮ ነው" ይላሉ። ወይም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "ትናንት አንድ ቤት ሥጋ ተበልቷል። ከየት አመጡት?"

የቀበሌው ሊቀመንበር ይህን አፍንጫ ቢያውቅበት ኖሮ ግማሹን አብዮት ጥበቃ አሰናብቶ እሳቸውን ይቀጥር ነበር።

ለችግር ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፦ "የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም!" የመነጽራቸው እጀታ ቢሰበር በፍየል ጠፍር አሰሩት፤ የውጭ ምንዛሪ አልጠየቀም። ለባለ ጋሪው ለወዬሳ ራዲዮ ከአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ አንቴና ሠሩለት፤ እሱም አልጠየቀም። ራዲዮው ከዚያ ወዲያ ከሞቃዲሾ በቀር የሚይዘው ጣቢያ ጠፋና ወዬሳ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ።

ከኩሬው በታች የምትኖረው አበዛሽ እኚህን ሰው ማየት አትወድም ነበር። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በወተት ነው። ከቦኖው ለከብት ውሃ መቅዳት ስለተከለከለ ላሞቿ የሚጠጡት ከኩሬው ተርፎ ከሚወርደው ቦይ ነው። ቦዩ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ሰነበተና ቦራ የምትባለው ላሟ ከዚያ ጠጥታ በሁለተኛው ቀን ሞተች። የቀረቻት ዳማ ብቻ ናት።

"ውሃው ምን ነክቶት ነው ላም የሚገድለው?" ብላ አፋጠጠቻቸው።

"ጠግቦ!" አሉ ጋሽ ዘገዬ። "ፍሳሽ ማለት ማዳበሪያ ነው፣ አበዛሽ። እርሻ ላይ ቢደፉት ስንዴ ያበቅላል፤ ውሃ ላይ ሲደፉት ያንን አረንጓዴ ስልባቦት ያበቅላል። መርዙ እሱ ነው። ውሃውን ማስራብ ነው።"

"ማነው የሚያስርበው? እርስዎ?"

"ፊላ! ያ ረጅም ሣር ማዳበሪያውን ይበላዋል፤ ወንዝ ዳር ሞልቶ የለ? የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።"

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መሐንዲስ የማጣሪያ መኪና ከውጭ ይመጣል ብሎ ከሄደ አራት ዓመት አልፎታል። ጋሽ ዘገዬ አልጠበቁትም። ውሃው ከኩሬው ወደ ቦዩ በሚወርድበት ላይ ሦስት ጉድጓድ ከላይ ወደ ታች አስቆፈሩና ከኮረብታው በተዛቀ ቀይ ጠጠር ሞሏቸው፤ ፊላውን ከአዋሽ ዳር በወዬሳ ጋሪ አስጭነው ተከሉ። ወዬሳ እሺ ያለው የራዲዮውን ነገር ረስቶ ሳይሆን፣ ጋሽ ዘገዬ እስኪያሳምኑት ከማዳመጥ መጫኑ ስለቀለለው ነው። ሕጋቸው አንድ ነበረች፦ "ፊላው በየሦስት ወሩ ይታጨድ፤ የታጨደው ከውሃው ይራቅ። የበላውን ይዞ ካልወጣ መልሶ ይተፋዋል።"

በዓመቱ ከሦስተኛው ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ጠራ። ዳማ ጠጣች፤ ምንም አልሆነችም።

"ዝናቡ ነው" አለች አበዛሽ።

ከዚያ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደረሰ። እንግዶች በኩሬው ዳር እንደሚያልፉ ተሰማና ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ ጢሻ የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት መሆኑን አብራራ። በሐምሌ መጨረሻ ቀበሌው ማጭድ ይዞ ዘመተ፤ ከፊት የስም መዝገቡን የያዘችው አበዛሽ ነበረች። በዘመቻ ቀን የሰው ስም የሚጠራው ሁለቴ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ። በመሃል የሚሠራውን ማንም አይጠራውም። ስለዚህ የታጨደው ፊላ ሁሉ በቅርብ ወዳለው ቦታ ተወረወረ፤ ቅርቡ ደግሞ ውሃው ነበር።

"አውጡት!" እያሉ ጋሽ ዘገዬ በዳር ሮጡ። "የትም ጣሉት፣ እዚያ ብቻ አይሁን!"

"ኧረ ጋሽ ዘገዬ፣ ሣር እኮ ነው!" አለች አበዛሽ። "የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም!"

ቀበሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

መስከረም ሁለት ቀን ኩሬው እንደ ቃሪያ አረንጓዴ ነበር። የእንግዶቹ መኪና ዝግ አለና አንዱ መስኮቱን ከፍቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ሳያመነታ፣ "የአረንጓዴ ዘመቻ ውጤት ነው፣ ጓድ!" አለ። ተጨበጨበ። መስኮቱ ቶሎ ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤት በግ ከቦዩ ጠጥታ ሞተች። አበዛሽ ዳማን እቤት አሰረቻትና ከቦኖ የምትቀዳውን አንድ ባልዲ ከልጆቿ ቀንሳ ታጠጣት ጀመር። ወተቱ ወዲያው ሊነጥፍ ደረሰ። በሳምንቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኩሬው ዳር ሄደች።

"አጥፍቻለሁ፣ ጋሽ ዘገዬ። ዳማዬን ያትርፉልኝ።"

ጋሽ ዘገዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው አረንጓዴውን ውሃ አዩ።

"ስም ትጠሪያለሽ?" አሉ።

"አልጠራም።"

"እንግዲያው ሰው ይሠራል።"

ዘጠኝ ሴቶችና ወዬሳ መጡ። የበሰበሰውን ፊላ በመንሽና በእጃቸው እየጎተቱ አራት ቀን ሙሉ በጋሪ አጓዙት፤ ጋሽ ዘገዬ እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ቆመው ያዝዛሉ። ሥሩ አልሞተም ነበርና ፊላው እንደገና አቆጠቆጠ። ጋሽ ዘገዬን ግን የጥቅምት ወባ ጣላቸው።

በኅዳር አንድ ጠዋት አበዛሽ ከቦዩ በጠርሙስ ቀድታ ቤታቸው ገባች። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

"ይኸው ውሃዎ" ብላ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። በወዲያ በኩል የመስኮቱ ጭረት ሳይቀር ይታያል። "ዳማ ትናንት ጠጣች። ዛሬ ጠዋት አንድ ሊትር ታለበች።"

"አምጪ" አሉና ጠርሙሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። በረጅሙ ሳቡ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ጉድ ነው! ዶሮ የታረደበት ቤት አለ!"

አበዛሽ ከነጠላዋ ሥር ክዳን ያለው ሳህን አወጣች፤ መረቁ ገና ይተናል።

"ከጠርሙሱ አይደለም" አለች፣ ማንኪያውን እየሰጠቻቸው። "ይጠጡ። ከጓሮዬ ናት፤ የውጭ ምንዛሪ አልጠየቀችም።"