ፍርሃቱ እንዳይበላሽብን

ነጻ የወጣ ሕዝብ በየት በኩል እንደሚሄድ መጠናት አለበት። ይህን ከባድ አደራ በጫንቃው የተሸከመው መሥሪያ ቤታችን ሙሉ ስሙ «የድኅረ አምባገነንነት ኅብረተሰብና መልክዓ ምድር ጥናትና ምርምር ተቋም» ይባላል። ስሙ በአንድ ትንፋሽ ስለማያልቅ ጸሐፊያችን ስልክ ስታነሳ ግማሹን ትላለች፤ የቀረውን ደዋዩ ራሱ ይጨርሰዋል። እኔ በዚህ ተቋም ሁለተኛ ደረጃ ተመራማሪ ነኝ። አንደኛ ደረጃ ተመራማሪ የለንም፤ ዋና ዳይሬክተራችን ቦታውን ደርበው ይዘውታል።

የምናጠናው ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ነው። ድሮ መሀሉ ላይ የመሪው ሐውልት ቆሞ ነበር። በሐውልቱ ፊት ማለፍ ክልክል ስለነበር ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ዞሮ ይሄዳል። በኋላ መሪው ወደቀ፣ ሐውልቱም ተነቅሎ ተወሰደ፤ የቀረው ባዶ መቆሚያ ድንጋይ ብቻ ነው። ሰዉ ግን መዞሩን አልተወም። መሀሉ ላይ ሣሩ ማንም ሳይረግጠው ጉልበት ድረስ አድጓል፤ በጠርዙ ደግሞ የሰው እግር ቀስት የመሰለ መንገድ አውጥቷል። ዋና ዳይሬክተራችን ይህን ያዩ ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ይህ ሣር አይደለም፤ ፍርሃት ነው» አሉ። ተቋሙ የተመሠረተው በዚያች ንግግር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ የሠራነውን ሥራ ታሪክ አይረሳውም። መስኮት ላይ ተቀምጠን ሰው ሲዞር አየን። አንዱን መንገደኛ አስቁመን «ለምን ትዞራለህ?» ብንለው፣ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ መንግሥት ይመስገን» ብሎን ፈጠን ብሎ ዞረ። ጎርፍ መንገዱን ሲሸረሽረው ፍርሃቱ ቅርጹን እንዳያጣ አፈር አስደፋንበት። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ሣሩን ውሃ አስጠጣነው። ለሳይንስ ሲባል የማይደረግ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሰላም የታወከው፣ ቢያሳፍረኝም ልናገረው፣ በገዛ አክስቴ ነው። አክስቴ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ቤቷ ከአደባባዩ ወዲህ ነው፤ የእግሯን ቁስል የሚያጥቡላት ጤና ጣቢያ ደግሞ ወዲያ። ሐኪሙ «መመላለሱን ካቋረጡ እግሩ ይቆረጣል» ብሏታል። ቀጥ ብላ ብትሄድ እዚህ ግባ የማይባል መንገድ ነው። ስትዞር ግን እያረፈች፣ እየተቀመጠች ስለሆነ አንዳንዴ ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከቤቷ ወጣች። መንገዱን አየችው፤ ሣሩን አየችው። ከዚያ ምርኩዟን ሣሩ ውስጥ ተከለችና ቀጥ ብላ ሄደች።

ዋና ዳይሬክተሩ መስኮቱ ላይ ክው ብለው ቀሩ።

«ማን ናት ይህቺ ሴትዮ?»

«የአካባቢው ነዋሪ ትመስላለች» አልኩ።

«ታዲያ እኮ ጥሩ ነው» አለች ጸሐፊያችን። «አንድ ነጻ ሰው ተገኘ።»

«ነጻ ትሁን፤ ማን ከለከላት?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ። «ግን ጥናቱ ሳያልቅ ነው እንዴ? ነገ ሌላው ቢከተላት እኛ ምን ልናጠና ነው?»

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ዋና ዳይሬክተሩ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ፤ የሚቃወማቸው ስላልነበረ የተቃዋሚውንም ወገን ራሳቸው ያዙት። በመጨረሻም «ኅብረተሰቡ ከፍርሃት የመላቀቅ መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ፍርሃቱ ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ» በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ። እንዲያውም ከሁሉ ቀድሜ ነው ያወጣሁት።

ፍርሃቱን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ልምድ ያለው ተገኘ። ድሮ ሐውልቱን ይጠብቅ የነበረው ዘበኛ፣ ከተማው «ፊሽካው» የሚለው ሰውዬ፣ ከሥራ ከወጣም በኋላ ሌላ መዋያ ስላልነበረው እዚያው አደባባዩ ዳር ይቀመጥ ነበር። ጀርባው ላይ «ጥናት» ተብሎ የተጻፈበት ሰደርያ አለበስነው። ፊሽካ እንግዛልህ ብንለው «አለኝ» ብሎ ከኪሱ አወጣት።

አክስቴ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ስትመጣ እኔ ለክትትል ዛፍ ሥር ቆሜያለሁ። ገና አንድ እግሯን ሣሩ ላይ ስታሳርፍ ፊሽካዋ ተነፋች።

«እትዬ፣ ይዙሩ።»

«ምን አጠፋሁ ወንድሜ?»

«ምንም።»

«ክልክል ነው?»

«ክልክልማ ድሮ ነበር። አሁን ክልክል አይደለም፤ እንዳይታለፍ ብቻ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ሰውዬው ዞር ብሎ የሰደርያውን ጽሑፍ አሳያት። «ድሮ ይሄ አልነበረም።»

አክስቴ ዞረች። ስትደርስ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። በማግስቱ ልጠይቃት ብሄድ እግሯ አብጦ ትራስ ላይ ተጋድሟል።

«አንተ እዚያ መሥሪያ ቤት አይደለህ የምትሠራው? አንድ ቃል ብትተነፍስልኝ ምናለ?» አለችኝ።

«እነግርልሻለሁ አክስቴ። በአግባቡ መሆን ስላለበት ነው እንጂ።»

አሳዘነችኝ፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ሐዘኔታ በስብሰባ የሚነሳ አጀንዳ አይደለም።

እንዲህ እያለን ከሩቅ አገር ሊቃውንት ሊጎበኙን መጡ። ዋና ዳይሬክተሩ በቀስቱ መንገድ ላይ አሰልፈው ይዘዋቸው ዞሩ። ፊሽካው ለዚያ ቀን ዛፉ ጀርባ እንዲቆም ተደርጓል፤ ከልካይ የለም እየተባለ ከልካዩ ቢታይ ነውር ነው።

«የተከበራችሁ እንግዶች» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ፣ «ማንም ሳይከለክለው ራሱን የሚከለክል ሕዝብ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው።»

በዚህ ጊዜ አክስቴ ብቅ አለች። እግሯን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። ሰልፉንም እንግዶቹንም ገልመጥ አደረገችና ሣሩ ውስጥ ገባች። ከዛፉ ጀርባ ፊሽካዋ ተነፋች። መንገደኛው ሁሉ ባለበት ደረቀ፤ እንግዶቹም ደረቁ፤ እኛማ ልማዳችን ነው። አክስቴ ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሄደች። መሀል ስትደርስ ግን እግሯ አልታዘዝ አላትና የሐውልቱ መቆሚያ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እዚያ ድንጋይ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ሰማይ አልተደፋም።

ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ፣ ና ደግፈኝ እንጂ። ጤና ጣቢያው ሊዘጋብኝ ነው።»

የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሆነ። «መጣሁ አክስቴ» አልኩና ሮጥኩ። ዳር ዳሩን ይዤ ነው የሮጥኩት። ከወዲያ ማዶ ስደርስ አክስቴ አሁንም መሀል ላይ ናት።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ አንቺ ነው፤ እየመጣሁ ነው» ብዬ ሌላ ዙር ጀመርኩ።

እኔ ስዞር ፊሽካው ከዛፉ ጀርባ ወጣ። ሰደርያውን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፣ ፊሽካዋን ኪሱ ከተታት፤ ሣሩን እየረመረመ ሄዶ ለአክስቴ ክንዱን ሰጣት። ሁለቱ ቀስ እያሉ ወደ ጤና ጣቢያው አቀኑ። ከኋላቸው ዳቦ የተሸከመች ሴት ገባች፤ ከሷ ኋላ ተማሪዎች፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ጋሪ የሚገፋ ሰው።

«ወገኖቼ፣ ነጻ ናችሁ» እያሉ ለመኗቸው ዋና ዳይሬክተሩ። «ነጻ ናችሁና እባካችሁ ዙሩ።»

የሰማቸው የለም። ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ «ጥናቱ አለቀ ማለት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

ታላቅ ሰው የሚለየው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ባዶውን የቀስት መንገድ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ባዶ አልነበረም። ጸሐፊያችን አለች፤ የሒሳብ ሹማችን አለ፤ እኔ እያለከለክሁ አለሁ፤ እሳቸውም አሉ። ከመካከላችን ሣሩን የረገጠ አንድም ሰው የለም። ፊታቸው በራ።

«በፍጹም» አሉ። «እንዲያውም ንጹሕ ናሙና ገና አሁን ተገኘ።»

ጥናቱ ተራዝሟል፤ አሁን የምንጠናው እኛው ነን። ሣሩ መሀል ለመሀል ቀጥ ያለ መንገድ ወጥቶበታል፤ የአክስቴም ቁስል ጠግጓል። ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ላይ ከፊሽካው ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ። እኛ ቢሮ ለመግባት በፊታቸው ስንዞር ታየኛለች።

«ልጄ፣ ለምንድነው የምትዞረው?»

«ሁሉም ጥሩ ነው አክስቴ፤ ተቋሙ ይመስገን» እላትና ፈጠን ብዬ እዞራለሁ።