ወንፈል ነው ደቦ?

በጀት የሚያጸድቅ ከተማ ሁሉ አንድ ሰው አለው። ከንቲባ ይሾማል ይሻራል፣ ምክር ቤት ይቀየራል፣ ይህ ሰው ግን ከአዳራሹ አይጠፋም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ፣ ለስላሳው በሣጥን ሆኖ በር ላይ ሲታይ፣ ከመሐል አንድ እጅ ይነሣል። ያኔ አዳራሹ በሙሉ «እህህ» ብሎ ሲተነፍስ ይሰማል።

በእኛ ከተማ ያ እጅ የአያ ሙላቴ ነው። ከተማችን ከጉና ወዲህ፣ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ብዙም የማትርቅ ናት፤ ስሟን የማልጠራው ደመወዜን የምትከፍለኝ እሷ ስለሆነች ነው። እኔ አለምነው የከተማዋ የበጀት ባለሙያ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው ክቡር ጠቅላይ ጠያቂ ናቸው። ድሮ ጉና ላይ ገብስና ድንች ያርሱ ነበር፤ ዛሬ ልጃቸው ትዝታ ዓረብ አገር ሠርታ ባመጣችው ገንዘብ ከከፈተችው ሱቅ ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ለስብሰባ ሲመጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከድምፅ ማጉያው ሥር ይቀመጣሉ። ዕድል ሲሰጣቸው ይነሡና «አንዲት ነገር ናት፤ ቶሎ ነው የምቀመጠው» ይላሉ። ቶሎ ሲቀመጡ ግን ያየ የለም።

በቁጥር የተካኑ ናቸው ብዬ አላታልላችሁም። ሚሊዮንን ከቢሊዮን አይለዩም። አንድ ዓመት ለመንገድ ጥገና የተያዘውን ገንዘብ በሺህ አባዝተው «ይህ ሁሉ የት ገባ?» ቢሉ፣ ከንቲባው ገንዘቡ እውነት የጠፋ መስሏቸው ላብ አጠመቃቸው። «የበጀት ጉድለት» የሚል ቃል የሰሙ ዕለት ደግሞ፣ መንደር ተሰብስቦ ሌባ እንደሚያወጣው ሁሉ አውጫጭኝ ይጠራ አሉ።

«የጎደለው ከማን እጅ ነው? ይውጣ።»

«አያ ሙላቴ፣ ሌባ የለም» አሏቸው የቢሯችን ኃላፊ። «ገቢያችን ከወጪያችን አነሰ ማለት ነው።»

«እሱማ ድህነት ይባላል። ምነው ስሙን ደበቃችሁት?»

የሰኔውን ነገር የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በእኛ ሥራ ዓመቱ የሚያልቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ዘሩን ለመሬት ሲሰጥ ቢሮ ደግሞ ያለውን ለመጨረስ ይሯሯጣል። አንድ ሰኔ የመንገዱን ዳር ድንጋይ በዝናብ ቀለም ስናስቀባ፣ አያ ሙላቴ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከቀቢው አጠገብ ቆሙ። ለሰውየው አዝነው መስሎን አመሰገንናቸው። «ለቀለሙ ነው» አሉ። በዚያው ሰሞን ቢሮ መጥተው ስለ ሰፈራቸው ቢጠይቁ «በጀት ተዘግቷል» ተባሉ። በሐምሌ ተመለሱ፤ «ገና አልተለቀቀም» ተባሉ። «ሲዘጋ እሰማለሁ፣ ሊከፈት ነው ሲባልም እሰማለሁ፤ ተከፍቶ ግን አላየሁም» ብለው ሄዱ።

ሳቅን እንጂ ነገሩ አያስቅም። የከተማችንን ጤና ከጠየቃችሁኝ፣ አልጋ ላይ አልዋለችም፣ ግን ዳገት አትወጣም። ከሚገባው ገንዘብ ላይ ደመወዝ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ነዳጅ፣ ቀጥሎ አበል። ድንጋይና ሲሚንቶ የሚደርሳቸው የተረፈ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ነገር «ለሚቀጥለው» ተብሎ ይገፋል፤ የሚገፋውም አቤት የማይል ነገር ነው።

ከሚገፉት አንዱ እነ አያ ሙላቴ የሚኖሩበት የታችኛው ሰፈር ቦይ ነው። ቦዩን ነዋሪው በበጋ በገዛ ዶማውና አካፋው ቆፈረው። በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት የከተማው ድርሻ ነበር። ሳይገነባ ክረምት ሲገባ አፈሩ ይናዳል፣ ጎርፉም መንገዱን ስቶ ቤት ይገባል። አምና የትዝታ ሱቅ ገብቶ የፉርኖ ዱቄቷን ሊጥ አድርጎት ወጣ። እሷም ተበድራ እንደገና ጀመረች። ዘንድሮ ቢደገም ሱቅ የሚባል አይኖራትም።

የዘንድሮው ረቂቅ በጀት በሰኔ መግቢያ ለሕዝብ ሲቀርብ ቦዩ አሁንም ለሚቀጥለው ዓመት ተገፍቷል። የነዋሪው ቁፋሮ ግን በብር ተተምኖ፣ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል ስም ገቢው ላይ ተደምሯል። ይህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ገና ቀና ሳልል እጁ ተነሣ።

«አንዲት ነገር ናት፤ ቶሎ ነው የምቀመጠው። ድካማችንን በብር ተመናችሁት፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ግን ወንፈል ነው ደቦ?»

አዳራሹ ሳቀ። ከአራሽ ቤት ያልወጣ ሰው እዚያ አልነበረምና ልዩነቱ የጠፋው የለም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ እውላለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ትውላለህ። ደቦ ግን ሰው ወጥቶ ያግዝሃል፣ አንተም አብልተህ አጠጥተህ ትሸኘዋለህ።

«ወንፈል ከሆነ ቀናችንን መልሱ፤ ቦዩን ገንቡት። ደቦም ከሆነ ድግሱ የታለ?»

ኃላፊያችን ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ደቦ ነው እንበለው፣ አያ ሙላቴ። የከተማው ምስጋና ይድረሳችሁ።»

«ደቦ የጠራ ሰውማ አብሮ ይውላል። ከእናንተ ዶማ ይዞ የዋለ ማን ነው?»

አያ ሙላቴ ያን ዕለት ማንም «ይበቃል» ሳይላቸው ተቀመጡ። እኔ ግን ረቂቁን ያዘጋጀሁት ነኝና ድግሱ የት እንዳለ ያን ጊዜ ታየኝ። «መስተንግዶ» የሚል ርዕስ አለን፤ ለእንግዳ ምሳ፣ ለስብሰባ ለስላሳ የሚሆን። እሱ አንድ ዓመት እንኳ ተገፍቶ አያውቅም።

ስንወጣ ተከትዬ ጠየቅኋቸው።

«አያ ሙላቴ፣ ምነው የትዝታን ሱቅ ሳያነሡት ቀሩ? ሰው ያዝን ነበር።»

«የራሴን ቤት ካነሣሁማ ልመና ሆነ፣ ልጄ። እኔ የጠየቅሁት የከተማውን ነው።»

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ዝናቡ በጠዋት ጀመረ። ቤቴ ላይኛው ሰፈር ነው፤ ጎርፉ እኔን አያውቀኝም። ቡና ቤት ልቀመጥ ወጥቼ እግሬ ወደ ጎረቤት መለሰኝና አካፋ ተውሼ ወረድኩ። የቦዩ አንድ ጎን ተንዷል። ሰፈርተኛው ድንጋይ ይደረድራል፤ አያ ሙላቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል።

«ምነው አለምነው፣ ስብሰባ አለ?»

«የለም። ወንፈል ልመልስ ነው የመጣሁ።»

ጫማዬን አዩት። «እሱን አውልቅና ግባ» አሉኝ።

እስከ ቀትር ተደረደረ። ያለ ሲሚንቶ ነውና የሚቀጥለውን ዝናብ አይችልም፤ ለዚያ ቀን ግን ውሃው የትዝታን ደፍ ታክኮ አለፈ። እሷም ዳቦ ቆርሳ ለሁላችን አደለች። በዚያ ጭቃ መሐል ቆሜ ዳቦዬን ስገምጥ፣ እኒህን ሰውዬ እንደምወዳቸው ገባኝ። ለስንት ዓመት ባይመጡ እያልኩ ጸልያለሁ፤ አሁን የሚያስፈራኝ የማይመጡበት ዓመት ነው። ወንፈሌን የከፈልኩ መስሎኝ አካፋዬን ሳነሣ ግን ጠሩኝ።

«ያንተን ቀን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥህ። የከተማው ግን አለ። እንዳታቀላቅለው።»

ሰኞ ጠዋት፣ ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ሳይሄድ፣ የኃላፊያችንን በር አንኳኩቼ ገባሁ።

«አንዲት ነገር ናት፤ ቶሎ ነው የምወጣው» አልኳቸው። «የደቦው ድግስ መስተንግዶ ውስጥ ተገኝቷል። ወደ ቦዩ ይዛወር።»

ኃላፊያችን «እህህ» ብለው ተነፈሱ። ከዚያ ወንበር አሳዩኝ። አልተቀመጥኩም።