ጭቃ የማያሳይ ቀለም

ምንጣፍ የሚመረጠው በዓይን ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እርስዎም ከእነሱ አንዱ ቢሆኑ አልቀየምዎትም። እኔ ግን በእግር ነው ባይ ነኝ። ሳሎን የብዙ ሰው እግር ይገባበታልና ፀጉሩ አጭር፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ምንጣፍ ይፈልጋል። መኝታ ቤት ባዶ እግር የሚያርፍበት በመሆኑ ወፍራሙና ለስላሳው ይገባዋል። ለኮሪደር ጠባብና የማያንሸራትት፤ ለማድ ቤት ደግሞ ምንም። ወጥ የፈሰሰበት ምንጣፍ እንደ ሐሜት ነው፤ ቢያጥቡትም ሽታው ይቀራል። ይህን ሥርዓት ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሳስተምር ኖሬያለሁ። በእኛ ዘንድ ምንጣፍ አንዳንዴ ሰው አፍ አውጥቶ የማይለውን እንደሚናገር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

አባቴ ዕድሜውን በአውቶብስ ሹፌርነት የፈጀ ሰው ነበር። ሐኪሞቹ «ቤታቸው ሆነው ቢያርፉ ይሻላል» ብለው ወደ ኮልፌ የመለሱት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የዚህን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ሁላችንም እያወቅን፣ ሁላችንም በፊቱ «ሲሻልህ» እያልን ማውራት ጀመርን። በማግስቱ ታላቅ እህቱ እትዬ የሺ ከቀራንዮ መጡ። ወንድማቸውን ሳሙ፣ ሳሎን ተቀመጡ፣ ያረጀውን ምንጣፍ በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና፣ «ይቺ ምንጣፍ እንኳ ብትቀየር ጥሩ ነበር፤ ሰው ይመጣል» አሉኝ።

የምን ሰው ብዬ አልጠየቅኩም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለዚሁ ይመስል ሜትር አንሥቼ ወለሉን መለካት ጀመርኩ። ማልቀስ ያቃተው ሰው ይለካል።

አየር ጤና ያለው ሻጭ «ለየትኛው ክፍል ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«ለሳሎን።»

«እንግዳ ይበዛል?»

ይህ የእኔው ጥያቄ ነው፤ ስንቱን ሰው ጠይቄበታለሁ። መልሱን ትቼ ስልኬን አወጣሁ። ክሬም ቀለሙንና ቡናማውን ምንጣፍ ፎቶ አንሥቼ ተመለስኩ። በሥርዓቴ መሠረት የሚገዛው ቡናማው ነው። ቡናማውን መምረጥ ግን አባቴን በገዛ እጄ መሸኘት መሰለኝና ክሬሙን ብቻ አሳየሁት።

«ያምራል። ሌላ ቀለም የለውም?»

«ቡናማ አለ።»

«እሱን ግዢ። ስንት ዓመት የሰው እግር ጭኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጭቃ አያሳይም።»

«የምን ጭቃ፣ አባዬ?»

«ክረምት ነዋ! ሰውም ይበዛል።» ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ ናት አይደል ቀይሪ ያለችሽ?»

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ! እናታችን የታመመች ጊዜም መጋረጃ አስቀይራለች።»

ሳቅን። የእሱ ሳቅ ሳል እስኪሆን፣ የእኔ ሌላ ነገር እስኪሆን ድረስ። ስለ ሞቱ ያወራነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በምንጣፍ በኩል።

ለሳሎኑ ቡናማውን ገዛሁ፤ ለአልጋው ሥር ግን ሳላማክረው ከሱቁ ሁሉ ለስላሳውን ገዛሁለት። እግሩ ከአልጋ መውረድ አቁሟል፤ ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው። እጁን ዘርግቶ ዳበሰውና «ለእግር ይባክናል» አለ።

ሐምሌ ላይ አረፈ። ጎረቤቶች እንደገቡ መጀመሪያ ምን ያደረጉ ይመስልዎታል? ሶፋውን አወጡ፤ ቡናማውን ምንጣፍ ጠቅልለው በገመድ አሰሩና ከበሩ ጀርባ አቆሙት፤ በቦታው ፍራሽ ዘረጉ። ለቅሶ ቤት ምንጣፍ ይነሣል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ አባዬም ያውቅ ነበር፤ እትዬማ የስንቱን ቤት ምንጣፍ በገዛ እጃቸው ጠቅልለዋል። ሦስታችንም ረስተነዋል። የኮልፌ ጭቃ በባዶው ወለል ላይ እንደ ልቡ ተመላለሰ። «አባዬ፣ ጭቃውማ...» ልለው ወደ መኝታ ቤቱ ዞሬ ነበር።

ድንኳኑ ሲፈርስ እትዬ የሺ ምንጣፉን መልሰው አስነጠፉ። ቆም ብለው አዩትና «አንዲት ነጥብ የለችበትም» አሉ፤ ደስ ያላቸው ይሁን ያዘኑ አልለየሁም። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን እያሹ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «የእኔም ሳሎን ምንጣፍ አርጅቷል፣ ልጄ። ምን ቀለም ይሻለኛል?» አሉኝ።

አሁን ቋንቋውን ለምጃለሁ። ሥርዓቴ ቡናማ ይላል።

«ክሬም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«በዚህ ክረምት? ጭቃውስ?»

«የምን ጭቃ?»