ይሁንታው አለኝ፤ የጠፋው ቤቱ ነው

በየመንገዱ አንድ ባለ ይሁንታ አለ። የእኛ መንገድ ላይ የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ። ባለ ይሁንታ ማለት ባንክ ሄዶ ደመወዙንና ወጪውን ዘርግፎ አሳይቶ፣ ቤቱን ገና ሳያገኝ፣ "ስታገኝ እስከዚህ ድረስ አበድርሃለሁ" የሚል ቃል አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ነው። ቃሉ ሦስት ወር ይቆያል። ሌላው ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤቱን ይገዛና አርፎ ይቀመጣል። እውነተኛው ባለ ይሁንታ ግን ያሳድሳል። ሲያልቅበት ደግሞ ያሳድሳል። ሌላው ሰው ውሻ እንደሚያኖረው እሱ ይሁንታ ያኖራል።

የእኛው፣ እዚህ አውስትራሊያ፣ ሰሜን ጂሎንግ፣ ክቡር ክላይቭ ፔንጌሊ ይባላሉ። ክቡር ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቱ ያወጣችለት ክላይቭ ብቻ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከአጥሬ ወዲያ ባለችው የእንጨት ቤት ከሚስቱ ከግሌንዳ ጋር በኪራይ ሲገባ ባለቤቴ ቨርን በሕይወት ነበር፤ የጓሯቸው ሎሚ ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር። ዛሬ ሎሚው ጣራውን አልፎታል። ክላይቭ አሁንም "ለጊዜው ነው የገባነው" ይላል።

"ቤት ፍለጋው እንዴት ሆነ?" ካላችሁት የሸሚዙን ኪስ መታ መታ ያደርግና፣ "ይሁንታው አለኝ፤ የጠፋው ቤቱ ነው" ይላችኋል። ይህን ቀብር ላይ ሲናገረው ሰምቻለሁ። የቨርን ቀብር ላይ።

እኔና ቨርን ስንገዛ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ቨርን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ፊት ተቀመጠ። ሰውዬው "ትጠጣለህ?" አለው። ቨርን "ከጋበዙኝ" አለ። ሰውዬው ሳቀ፣ አለቀ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ነጭ ጓንቴን እንዳደረግኩ ገብቼ እንዳደረግኩ ወጣሁ። ጓንቱ አሁንም አለኝ፣ አንዱ ብቻ። ዛሬ ባንክ አይስቅም። የሦስት ወር ወጪህን አንድ በአንድ ያያል፤ የት በላህ፣ የት ጠጣህ፣ በየትኛው ፈረስ ተወራረድክ። ስለዚህ የሚበደር ሰው አስቀድሞ ይጾማል።

የጾሙን ሥርዓት ለመንገዳችን ያስተማሩት ክቡርነታቸው ናቸው። "ሦስት ወር ቢራ ቤት ደጃፍ እንዳትታይ" ይላል፣ አንዱን የሰፈር ልጅ አጥር ላይ አስደግፎ። "ተገዝቶ የሚመጣ ምግብ የለም። ውርርድ የለም። ባንኩ ሲያይህ መነኩሴ ምሰል፤ ከዚያ ወዲያ እንደፈለግክ ሁን።" ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ ከቄሱ በፊት ወደ እሱ ነበር የሚሄዱት። ጾሙ፣ ቤታቸውን ገዙ፣ ከመንገዳችን ወጡ። ሰባኪው ይሁንታውን እያሳደሰ እዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶች ለሰው እይታ ለግማሽ ሰዓት ይከፈታሉ። ክላይቭ አንዱም አያመልጠውም። በእጁ ባትሪ፣ በኪሱ አንዲት አረንጓዴ ብይ ይይዛል፣ ልጆች የሚጫወቱባት ዓይነት። ወለሉ ላይ ያስቀምጣታል። ከተንከባለለች ቤቱ ዘሟል ማለት ነው። ግሌንዳ አብራው መሄድ ከተወች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ ስለዚህ እኔን ነው የሚወስደኝ። "ነይ እሜቴ፣ የሰው ቤት እንይ።"

አየን። የአንዱ መታጠቢያ ቤት ይሸታል። አንዱ ፀሐይ የምትገባበት በማይሆን ሰዓት ነው። የአንዱ ቤት መጋረጃ ክላይቭን ደስ አላለውም፤ መጋረጃው ከቤቱ ጋር እንደማይሸጥ ብነግረውም፣ "መጋረጃውን የመረጠ ሰው ቧንቧውንም መርጦታል" አለኝ። አንዱ ቤት ግን ምንም አልነበረበትም። ብይዋ ንቅንቅ አላለችም። ክላይቭ ተንበርክኮ ብዙ ጠበቃት።

"ይሄስ ምን ጎደለው?" አልኩት።

"ጎረቤቱን አየሽው?"

"ማንም የለም እኮ።"

"እሱን ነው የምልሽ" አለና ብይዋን አንስቶ ወጣ።

ባለፈው ዓመት ዳሌዬ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባሁ። ወደ ቤት ስመለስ ምድጃ ፊት መቆም አቃተኝ። ክላይቭ ከሥራ ሲወጣ በጓሮ በር ይገባል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዓሣና የድንች ጥብስ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። "ግሌንዳ አልጨረሰችውም" ይላል። ጥቅሉ አልተከፈተም። አጠገቡ ከዛፋቸው የተቆረጠ ሎሚ አለ። በሽተኛ ሰው አይመራመርም፤ በላሁ። ከዳንኩ በኋላም ግሌንዳ አለመጨረሷን ቀጠለች።

በዚህ መሀል የተከራዩት ቤት ባለቤት አረፈና ልጆቹ ቤቱን በጨረታ እንሸጣለን አሉ። ግሌንዳ ናት በአጥሩ በኩል የነገረችኝ።

"ሌላ ሰው ከገዛው ያስወጣናል" አለች። "ዛሬ እዚህ በእኛ አቅም የሚከራይ የለም። ሚልዱራ እህቴ ጋ መግባታችን ነው።"

ሚልዱራ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዓሣ ትኩስ ሆኖ ከዚያ አይመጣም።

"ይሁንታው አለው አይደል?"

"ይሁንታው አለው" አለች ግሌንዳ። "ጨረታ ላይ የሚያነሳው እጅ ነው የሌለው።"

ይሁንታውም ቢሆን ጊዜው ሊያልቅ ነበር። ሊያሳድስ ሲደውል እኔ ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ክላይቭ በረንዳው ላይ ሆኖ ስልኩን ጮክ አድርጎ ይከፍተዋል፤ የባንኳ ልጅ ድምፅ እንደ ሬዲዮ ይሰማኛል።

"ሚስተር ፔንጌሊ፣ ዓሣ መጥበሻ ቤት ያዘወትራሉ" አለች።

"አዎ።"

"ድሮ እንዲህ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

ሁላችንንም ሲያስጾም የኖረውን ሰው ማን አስገደፈው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

"ለጊዜው ነው ካሉኝ እተወዋለሁ፣ የበፊቱን ያህል እንፈቅዳለን። ቋሚ ወጪ ከሆነ ግን ይሁንታው ይቀንሳል። ለማን ነው?"

"ለጎረቤቴ።"

"ዘመድዎ ናት?"

"ጎረቤቴ ናት አልኩሽ እኮ።"

"እሺ። ይቆማል?"

ጨረታው ደርሷል፤ እያንዳንዷ ሳንቲም የምትፈለግበት ጊዜ ነው። "ይቆማል" ቢል አለቀ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ባንክ ፊት መነኩሴ ምሰል፣ ከዚያ ወዲያ እንደፈለግክ ሁን።

"አይቆምም" አለ። "ቋሚ ነው።"

"እስከ መቼ?"

"እሷ እስካለች።"

"ሚስተር ፔንጌሊ፣ ይቀንሳል እኮ ነው የምልዎት።"

"ቀንሺዋ።"

እኔ ከአንሶላው ጀርባ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ እንደነከስኩ ቆምኩ። አንሶላው ሳይደርቅ አወረድኩት፤ ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም።

ቤቱ ለእይታ ሲከፈት ሰው ጎረፈ። አሻሻጩ ብሬንት ይባላል፣ ሱሪው የጠበበው ልጅ። ተከራይ በዚያ ግማሽ ሰዓት ዞር ይላል፤ ደንቡ ነው። ክቡርነታቸው ግን ቅዳሜ ሆኖ ቤት ተከፍቶ ውጭ መቆም አልሆነላቸውም። ባትሪውን ይዞ ከሰዉ ጋር ገባ።

"ይቺን ወለል ታያላችሁ? ሥሯ ያለው እንጨት በስብሷል። ሽንት ቤቱ የምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ያለቅሳል። ጣራው ውስጥ ድመት የሚያካክሉ የዛፍ አውሬዎች፣ ፖሰሞች፣ አሉ፤ ሌሊት ሲራኮቱ ትሰሟቸዋላችሁ።" ብይዋን ወጥ ቤት ወለል ላይ ለቀቃት። ማንም ሳይነካት በኮሪደሩ ሄደች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ በእኔ በኩል ያለው ግድግዳ ሥር ቆመች። "ወደ እሜቴ ኤልቫ ያዘነብላል" አለ፣ ለጎብኚዎቹ።

ብሬንት በክርኑ ያዘው። "ወንድሜ፣ አንተ ተከራይ ነህ ወይስ መርማሪ?"

"ሳያውቁ ይግዙ ነው የምትለኝ?"

"ዝም በል ነው የምልህ።"

"ሎሚው ግን ጥሩ ነው" አለ ክላይቭ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። "ዓመቱን ሙሉ ያፈራል።"

ሰፈሩ ተንኮል ነው አለ፣ ገዢ ሊያባርር ነው። ግሌንዳን ጠየቅኳት። "ተንኮል ቢኖረው ይሄኔ ባለቤት በሆንን" አለችኝ።

የጨረታው ቅዳሜ መንገዳችን እንደ ልማዱ ወጣ። እኛ ጋ የጎረቤት ጨረታ ላይ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ የማይቀረው ተመልካች ነው። የሚታጠፍ ወንበሬን አጥሩ ሥር ዘረጋሁ። ብሬንት ደረጃው ላይ ቆሞ ቤቱን አሞገሰ፤ ስለ ሎሚው ደጋግሞ አወራ፣ ሌላ የሚያወራለት አልነበረውማ። ባለ ጥቁር መነጽር ሰውዬ ጀመረ። አንዲት ሴት ጨመረች። ሰውዬው ጨመረ፤ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ክላይቭ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ብይዋን ሲያገላብጣት ከሱሪው ውጭ ይታያል። ግሌንዳ ፊቱን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች።

"አንደኛ" አለ ብሬንት፤ ሦስተኛ ካለ ጨረታው ተዘጋ ማለት ነው።

እኔ የተቀመጥኩት ከኋላው ነበር። "ክላይቭ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "ከሚልዱራ ዓሣው ሲደርስ ይቀዘቅዛል።"

ዞሮ አየኝ። ከዚያ አንሶላ ወደሚሰጣበት ገመዴ አየ። እንደገና እኔን አየኝ፤ ጆሮው ቀላ።

"ሁለተኛ" አለ ብሬንት።

ክላይቭ እጁን አነሳ፣ ዝናብ መጣ ወይ ብሎ እንደሚሞክር ሰው።

ብሬንት አይቶት ተነፈሰ። "ወንድሜ፣ ጥያቄ ካለህ በኋላ።"

"ጥያቄ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ዋጋ ነው" አለ ክላይቭ።

ግሌንዳ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የተቀነሰው ይሁንታ የሚያልቀው እዚያችው ላይ ነበር፤ ባለ መነጽሩ አንድ ጊዜ ከጨመረ ሚልዱራ ነው። ባለ መነጽሩም ወደ ክላይቭ ጠጋ አለና፣ "ያ ወለሉ ዘሟል ያልከኝ ነገር፣ የምርህን ነው?" አለው። ክላይቭ ተፎካካሪው መሆኑን የረሳ ይመስለኛል። ክላይቭም ረሳ። ብይዋን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

"ግባና ሞክራት።"

ሰውዬው ብይዋን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ብይዋን መለሰለትና እጁን አጣጠፈ። ብሬንት የሟቹን ልጆች ዞሮ አየ፤ እሺ ብለው ነቀነቁለት። የጠቀለለውን ወረቀት መዳፉ ላይ መታ፤ ቤቱ ለክላይቭ ተሸጠ። ክላይቭ እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ ያወረደችለት ግሌንዳ ናት።

ባንኩ ቤቱን የሚገምት ሰው በላከ ዕለት ግሌንዳ ባትሪውን ቀምታ ባሏን እኔ ጋ አመጣችው። "ሰውዬው እስኪሄድ ቆልፊበት" አለች፣ "አለበለዚያ ፖሰሞቹን በስማቸው ያስተዋውቀዋል።" ክቡርነታቸው ወጥ ቤቴ ጨዋ ሆነው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ አላስችለው አለ፤ ብይዋን ወለሌ ላይ ለቀቃት። ተንከባለለች፣ በእነሱ በኩል ወዳለው ግድግዳ።

"አንቺም ዘመሻል" አለኝ።

አሁን ባለ ይሁንታ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ባለ ዕዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን በሬን ያንኳኳል። "ነይ እሜቴ፣ የሰው ቤት እንይ።"

"ቤት አለህ እኮ።"

"ማየት ምን አለው?"

እናያለን። ማታ ግሌንዳ አልጨረሰችውም። ስለ ስልኩ ነገር እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ሐኪሜ በየቀኑ ተራመጂ ይለኛል፤ ድሮ ብዙም አልሰማውም ነበር፣ አሁን እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ እመለሳለሁ። ሰውዬው ቋሚ ናት ብሎ ለባንክ ቃል ገብቷል፤ ውሸታም ላደርገው አልፈልግም።