ስለ ሚስ ሉዊዝ እናት የተፈተንኩበት ቀን

በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ለምንኖር ሐበሾች የአሜሪካ ታሪክ የሚጀምረው እኛ ከአውሮፕላን የወረድን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ በአንድ ቃል «ድሮ» ይባላል። ክርስትና ቤት ተጠርታችሁ ጆሮ ጣል ብታደርጉ፣ አንዱ «እኔ ስመጣ ይሄ ሰፈር ሁሉ የበቆሎ እርሻ ነበር» ይላል። ሁለት ዓመት የቀደመው ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ «በቆሎውም አልነበረም» ይላል። አሜሪካኖቹ እስከዚያ ድረስ ምን ሲሠሩ ኖሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛን ሲጠብቁ ነበር መሰለኝ።

እኔም ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ ባለ አንድ መጋዘን ዕቃ እያሸግሁ አሥራ ስድስት ዓመት በዚሁ እምነት ኖርኩ። በኋላ የሱፐርቫይዘር ቦታ ሊከፈት ነው ተባለ፤ የኮሌጅ ዲፕሎማ ይጠይቃል። በአርባ ሰባት ዓመቴ ኦንላይን ተመዘገብኩ። ሒሳቡን አለፍኩ፣ ኮምፒውተሩን አለፍኩ። የቀረኝ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ታሪክ ብቻ ሆነ፤ እሱን ደግሞ አንድ ጊዜ ወድቄዋለሁ። ካርቶን ለማሸግ ይሄ ሁሉ ታሪክ ምን ያደርጋል አትበሉኝ። እኔም ብዬ ነበር። «ሪኳየርመንት ነው» አሉኝ። እዚህ አገር ሪኳየርመንት ከተባለ እንደ ጾም ነው፤ ይያዛል እንጂ ለምን አይባልም።

በ2021 መገባደጃ ፕሮፌሰራችን፣ እኔ ቶሎ ወልጄ ቢሆን ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ አዲስ ነገር አመጣ። የመጨረሻው ፈተና ክለሳ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ከክፍለ ዘመኑ አንድ ዐቢይ ርዕስ ይደርሰናል፤ ወረቀት ሳናይ በዙም አምስት ደቂቃ እናስረዳለን። ለአንዱ የዓለም ጦርነቶቹ ደረሱት፣ ለአንዷ አገር ሁሉ ሥራ ፈት የሆነበት የችጋር ዘመን፣ ለሌላው ቀዝቃዛው ጦርነት። ለእኔስ ምን ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? «ታላቁ ፍልሰት»!

ብቻዬን እልል አልኩ። ከእኔ በላይ ፈላሽ ከየት ሊመጣ ነው? መጽሐፉን መግለጥ እንኳ አላስፈለገኝም። ስለ መርከብ፣ ስለ ዲቪ፣ ኤርፖርት ላይ ስለተፈተሸችው ሻንጣዬ አምስት ደቂቃ ሙሉ የሚያስለቅስ ንግግር አዘጋጀሁና ለልጄ አሰማኋት። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ማም፣ ዩ ጎት ዚስ» አለችኝ፤ ትወጪዋለሽ ማለቷ ነው።

ፈተናው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ለሚስ ሉዊዝ ላሰማቸው አልኩ። ሚስ ሉዊዝ አጠገቤ የሚያሽጉ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ይባላል እንጂ መጋዘኑ ውስጥ «ሚስ» ሳይል የሚጠራቸው የለም፤ ይሄ «ሚስ» የእኛው እትዬ መሆኑ ነው። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ሳንድዊቻቸውን እያላመጡ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቲ» አሉኝ፤ ጥሩወርቅ ማለት ከጀመሩ መሃል ላይ ይደክማቸዋል። «ያማረ ታሪክ ነው። ግን የተጠየቅሽው እሱን አይደለም።»

«እንዴት? ታላቁ ፍልሰት ነው እኮ ያሉኝ።»

«ታላቁ ፍልሰት አንቺ አይደለሽም። እናቴ ነች።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ደቡብ ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች፣ ያንን ሁሉ ግፍ ሸሽተው፣ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ሰሜን መጉረፋቸው ነው ለካ ታላቁ ፍልሰት የሚባለው። ከአገር ሳይወጡ የተሰደዱ ሰዎች! ሁለት ቀን ቀርቶኛል፤ ይህን ኮርስ ዳግመኛ ከወደቅሁ ሱፐርቫይዘርነቱ ለሌላ ሰው ይሄዳል። እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ፤ ጻፊ» አሉኝ።

እናታቸው እሳቸውን በሆዷ፣ ሦስት ልጆች በእጇ ይዛ ከአላባማ በባቡር ተነሣች። ምሳዋ በጫማ ካርቶን የታሸገ ጥብስ ዶሮ ነበር፤ የባቡሩ ምግብ ቤት ጥቁር አያስተናግድም። ደቡብን ከሰሜን የሚለየውን የኦሃዮን ወንዝ እስኪሻገሩ የተቀመጠችው ለጥቁር በተለየው ፉርጎ ነው። «ወንዙን ስንሻገር ማንም ሳያዛት ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የፈለገችው ወንበር ላይ» አሉኝ። ኮሎምበስ ስትደርስ፣ «ነይ፣ ሥራ ሞልቷል» ብሎ የጻፈላት የአጎቷ ልጅ በአንዲት ክፍል ስድስት ሆኖ ይኖራል። ስለ በረዶ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፈላትም።

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ያንን የአጎት ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ! ስሙ ይለያይ እንጂ ለእኔም ጽፎልኛል።

«ሰፈራችሁ የት ነበር?» አልኳቸው።

«ወደ ሥራ የምትመጪበት ሀይዌይ አለ አይደል? እሱን ሲያወጡ ቤታችንን አፈረሱት። ጓዳችን መሃለኛው ሌን ላይ ይመስለኛል።»

በማግስቱ ጠዋት መሃለኛውን ሌን ትቼ በቀኝ ነዳሁ። ከኋላዬ ያለው ጡሩምባውን አስጮኸብኝ፤ እሱ ምን ያውቃል።

ሐሙስ ፈተናዬ በምሳ እረፍት ላይ ዋለ። መኪናዬ ውስጥ ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አቆምኩ። ሚስ ሉዊዝ ከካሜራው ውጭ አጠገቤ ተቀመጡ፤ «ትንፍሽ አልልም» ብለው ምለዋል። ጀመርኩ። ባቡሩን፣ ዶሮውን፣ ወንዙን አወራሁ። «ሁለት ልጆቿን ይዛ…» ስል፣

«ሦስት!» የሚል ድምፅ መኪናውን ሞላው። «ዊሊን ረሳሽው!»

ፕሮፌሰሩ ወደ ካሜራው ተጠጋ። «ጥሩወርቅ፣ አጠገብሽ ሰው አለ? እርዳታ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ።»

ሁለተኛው ውድቀቴ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት። መዋሸት አማረኝ፤ ግን የሚስ ሉዊዝን ድምፅ ሬድዮ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አልተፈጠረም። ስልኩን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«እርዳታ አይደሉም» አልኩ። «ምንጬ ናቸው። የማወራው ስለ እናታቸው ነው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ማዳም፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት እችላለሁ?» አለ። አንዱ ጥያቄ አሥር ሆነ። ክፍሉ ካሜራውን በየተራ ከፈተ። የሁለታችንም የምሳ ሰዓት አልፎ፣ መጋዘኑ ውስጥ አርፍዳችኋል ተብለን አንዳንድ የቅጣት ነጥብ ተያዘብን። ለሚስ ሉዊዝ በመጋዘኑ ታሪካቸው የመጀመሪያቸው ነበር፤ የቅጣቱ ወረቀት ላይ ፊርማቸውን ሲያኖሩ ግን ሙሽራ ይመስሉ ነበር።

እኔ ቢ ፕላስ አገኘሁ። ከሥሩ «ምንጭሽ እጅግ ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ግን አንቺም ብትናገሪ» የሚል ተጽፎበታል። ዲፕሎማውም መጣ፣ ሱፐርቫይዘርም ሆንኩ፤ ሰው አረፈደ ብዬ ነጥብ ስይዝ እጄ ይከብደኛል።

በጥር ሚስ ሉዊዝ ያንኑ ኮርስ፣ እዚያው ፕሮፌሰር ዘንድ፣ ራሳቸው ተመዘገቡ። ክፍል በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ኮል አደረጉኝ፤ ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ቲ፣ መጽሐፉን አየሁት። ለእናቴ የሰጣት አንድ አንቀጽ ነው።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«እጄን አወጣሁ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«እስካሁን አላወረድኩም» አሉኝ።

ለፕሮፌሰሩ አዘንኩለት። ትንሽ።