ማኅደር የገባው የኢሜይል እርዳታ

እኔ ሰው ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልም። ኮምፒውተር ሲጠይቀኝማ ጭራሽ! አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሳለ የኢሜይል ፕሮግራማችን ከመስመር ውጪ ልሥራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ዘመን ልሥራ ብሎ የሚለምን ማን ይገኛል? ሥራ አልኩት። አልኩትና ረሳሁት።

ላሊበላ ውስጥ የአንዲት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሥራ አስኪያጅ ስላችሁ እንዳትደነግጡ። ጸሐፊውም፣ አልጋ አንጣፊውም፣ ቧንቧ ሲያፈስ በጨርቅ የሚያስረውም እኔው ነኝ። ባለቤቱ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅሌት ቆመው የኖሩ፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ አባት።

እንግዲህ በዚያው ቀን፣ ኔትወርኩ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከስንት ዓመት ጭርታ በኋላ አንድ መኪና ሙሉ የውጭ አገር እንግዶች ለገና እንመጣለን ብለው ጻፉልን። እስከ ኅዳር ጽዮን መልስ ካላገኘን ግን ሌላ ቦታ እንይዛለን አሉ። ለመሪጌታ ስነግራቸው ካመለጡን ቤቱን መዝጋታችን ነው አሉኝ። ቤቱ ተዘጋ ማለት የእኔም ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ኔትወርኩ እንደተመለሰ ቁጭ ብዬ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ክፍል አለን ብዬ ላክሁ።

ዝም።

ምን ቅር አሰኛቸው? ቁርስ በነጻ ነው ብዬ ጻፍኩ። ዝም። ማታ ማታ እግራችሁን በሙቅ ውኃ እናጥባለን አልኩ። ዝም። አሸተን ማርያም የምትወጡበት በቅሎ አዘጋጅተናል አልኩ። ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ፣ መሪጌታ የገዛ አልጋቸውን ይለቁላችኋል፣ በቅሎዋንም እስከ አሸተን ድረስ እሳቸው ራሳቸው ይስባሉ ብዬ ጻፍኩ። መሪጌታን አላማከርኳቸውም። ሽማግሌ ሰው ለምን አስጨንቃለሁ?

የጽዮን ዋዜማ ጠዋት ዓይኔ የኮምፒውተሩ ስክሪን አንድ ጥግ ላይ አረፈ። ደብዳቤዎቼ በሙሉ የሚላኩ በሚለው ሳጥን ውስጥ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተኮልኩለዋል። አንዱም አልሄደም! እኔ ሰዎቹን በልቤ ስረግም ከርሜአለሁ፤ ሰዎቹ ግን ምንም አልሰሙም።

እርዳታ የሚለውን ተጫንኩ። የእርዳታው ሰነድ አልተገኘም አለኝ። ለምን እንዳልተገኘ ለማወቅ እርዳታ የሚለውን ይጫኑ አለኝ። ተጫንኩ። አልተገኘም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ደጋግሜ ተጫንኩ። በስልኬ ስፈልገው ደግሞ ፕሮግራሙ አርጅቷልና ገጹ ተነስቷል ይላል። ታዲያ በስልክህ አትልከውም ወይ እንዳትሉኝ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ፕሮግራሙን የጫነልን የወልድያ ልጅ ነው። የእሱ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ያ የወልድያ ልጅ ፕሮግራሙን ሲጭንልን የእርዳታውን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር አትሞ ጠረጴዛው ላይ ትቶልን ነበር። የት ገባ? መሪጌታ ዘንድ ሮጥኩ።

መሪጌታ ነገሩን ያውቁታል። ወረቀቱ ተበትኖ ሲያዩት አንጀታቸው አልቻለም። መጽሐፍ እንዲህ ሜዳ ላይ ይጣላል ወይ ብለው ሰብስበው ገነተ ማርያም መጽሐፍ ለሚደጉሱ አንድ መነኩሴ ወሰዱት። ወረቀቱ የገጽ ቁጥር የለው፣ መነኩሴው እንግሊዝኛ አያውቁ። ግን የድጎሳ ሰው ናቸውና ሕግ አላቸው። ብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የተከበረው ስም ነው። ስለዚህ ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ቅጠል ሁሉ ለቅመው ከፊት አደረጉት፣ ጥቁር በጥቁሩን ከኋላ። በእንጨት ገበታ አስረው፣ የፍየል ቆዳ አልብሰው፣ መስቀል አትመውበት፣ ማኅደር ሰፍተው ላኩት። ቀዩ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማስጠንቀቂያው ነዋ!

አሁን የት ነው ስላቸው መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «እትዬ ጥሩ ናት የወሰደችው። እኔ ማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ከምስማሩ አውርዳ ሄደች። ራሷን ያማታል። መልሽ ብላት አለቀሰች፤ ምን ላድርጋት?»

እትዬ ጥሩ ጎረቤታችን ናቸው። ስገባ ከነማኅደሩ ራስጌያቸው ላይ ተሰቅሏል። ችግሬን ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የኮምፒውተር ነው።»

«ቆዳ ለብሶ? መስቀል ተስሎበት? አንተ ልጅ፣ ሥራው በዝቶብህ ነው። ይኼው እሱ ከመጣ ወዲህ እንዲያው ራሴን ነካ አድርጎኝ አያውቅም። በላልይበላ!»

ብለምናቸው፣ ብለማመጣቸው ወይ ፍንክች። በኋላ ግን አዘኑልኝ። መጀመሪያ ካነበብክልኝ ትወስደዋለህ አሉኝ። ከመጣ ጀምሮ ያነበበላቸው የለም። ነጠላቸውን አጣፍተው አንገታቸውን ደፉ። ምን ይደረጋል? ማኅደሩን ከፈትኩና የመጀመሪያውን ቀይ ገጽ በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር እትዬ ጥሩ አሜን ይላሉ።

ምን ይላል መሰላችሁ? ማስጠንቀቂያ፤ ፕሮግራሙ ከመስመር ውጪ እንዲሠራ ከፈቀዱለት፣ ራስዎ እስካልመለሱት ድረስ የሚወጣም የሚገባም መልእክት አይኖርም።

«አሜን!» አሉ እትዬ ጥሩ።

ንባቤን አቋረጥኩ። ለካስ ያ ፈቃድ ጠያቂ! መነኩሴው እንደ ወጉ በተራ ደጉሰውት ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ስፈልግ ጽዮን አልፋ ገና ይደርስብኝ ነበር።

«ምነው ዝም አልህ? ጨርስልኝ እንጂ!»

እየተንተባተብኩ ገጹን ጨረስኩላቸው። መጽሐፉንም እዚያው ተውኩላቸው፤ ለእኔ የሚበቃኝን አግኝቻለሁ። ሮጬ ገባሁና ከመስመር ውጪ የሚለውን ምልክት አነሳሁት። ደብዳቤዎቼ እየተከታተሉ ውልቅ ውልቅ አሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እየዘለልኩ ሳለ ግን የመጨረሻው ደብዳቤ ሲወጣ አየሁት። ወይኔ! የመሪጌታ አልጋ! የመሪጌታ በቅሎ!

በማግስቱ መልስ መጣ። ደብዳቤዎችህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ደርሰውናል፤ እየሳቅን አነበብናቸው ይላል። እንመጣለን። የመጨረሻውን መርጠናል።

ለመሪጌታ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው።

«ብራና ቢሆን በምላጭ ይፋቅ ነበር። ይኼ አይፋቅም?»

«አይፋቅም፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያ የተጻፈ ተጽፏል» አሉና የአልጋቸውን አንሶላ ማውጣት ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

እንግዶቹ መጡ። ቤቱ ሞላ፤ መዝጋት የሚባለውም ነገር ቀረ። በዓሉ ባለፈ ማግስት መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የበቅሎዋን ገመድ ይዘው ደጅ ቆሙ። ቃላቸው ነዋ፤ ማለቴ ቃሌ። እንግዶቹ ይህን ነጭ ጢም፣ ያን ገመድ ሲያዩ ክው አሉ። እንዲህ ያሉ አባት እየሳቡልን እንዴት እንቀመጣለን፣ በጭራሽ አይሆንም፣ እሳቸው ይቀመጡ እኛ በእግራችን እንሄዳለን አሉ። መሪጌታም እንግዳ ሲለምን እምቢ አይባልም ብለው በቅሎዋ ላይ ወጥተው ተደላደሉ። ከዚያ ሁሉም መሬት የወደቀውን ገመድ አየ። ቀጥሎ እኔን አየ።

በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ ለራሷ አሳጠረች ይላሉ አባቶች። ገመዱን ይዞ የአሸተንን ዳገት ስለሚወጣው ሰው ግን ትንፍሽ አላሉም።