የማኪንድዬው ጋራዥና ዝምተኛዋ ሊያ

እዚህ ካምፓላ የሦስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ለመግባት ቃለ መጠይቅ ይቀመጣል። አትሳቁ፣ የእውነቴን ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ነው አልልም፤ እኔ የማውቃቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ግን ልጁን ከእናቱ ጉያ ያወጡና ከጠረጴዛ ማዶ አስቀምጠው ስምህ ማነው፣ ይሄ ምን ቀለም ነው፣ እስከ ሃያ ቁጠር ይሉታል። እግሩ ወለል የማይነካ ሰው ነው እንግዲህ የሚጠየቀው። አንዲት የማውቃት እናት በልጇ ቃለ መጠይቅ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቀለምና ቁጥር ስታስጠናው ዋለች። ልጁስ? ልጁማ ጠያቂዋን መልሶ፣ "ከረሜላ አለሽ?" አላት አሉ። እኔ ብሆን እዚያው ነበር የምቀበለው።

ትምህርት ቤት ያስጀመረኝም ይህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዥም ዘመን አስተምሬያለሁ። ባለቤቴ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ ወደዚህ ሲዛወር ጓዜን ጠቅልዬ ተከተልኩት። ማኪንድዬ ኮረብታው ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራየን። ከዚያ ምን ልሥራ? መጋረጃ ሰቀልኩ። አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። በሦስተኛው ወር ጋራዡን የሕፃናት ትምህርት ቤት ላደርገው ነው አልኩት።

"መኪናዋስ?" አለኝ።

መኪናዋ አድጋለች፣ ውጭ ማደር አያቅታትም አልኩት።

አጋሬ ፍሎረንስ ትባላለች። ከአጥራችን ቀጥሎ የምትኖር የካምፓላ ሰው ናት፤ አንደኛ ክፍል ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች። ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ፊርማ የሚባለውን ሁሉ የጨረሰችው እሷ ናት። እሷ ባትኖር እኔ እስካሁን መጋረጃ እሰቅል ነበር። ችግራችን አንድ ብቻ ነበር፤ በምንም ነገር አንስማማም። እኔ ሕፃን የሚማረው ሲጫወት ነው አልኳት። እሷ ደግሞ መጫወትማ ቤቱም ይጫወታል፣ ታዲያ ትምህርት ቤት ምን አደረገው አለችኝ። ሳምንት ከተከራከርን በኋላ መቀመጫው በእኔ ሐሳብ ክብ ሆነ። የጠዋቱ ሰልፍ በእሷ ሐሳብ ቀጥ አለ።

በሰባት ልጆች ጀመርን። አሸዋ አመጣን፣ የለስላሳ ቆርኪ ለቀምን፣ ከሙዝ ልጥ ኳስ ጠቀለልን፣ ባዶ ጠርሙስ ደረደርን። በሁለተኛው ሳምንት የአንዱ ልጅ አባት መጣ። መሃል ከተማ ናካሴሮ ቢሮ ያለው፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው ነው። ልጄ ዛሬ ምን ተማረ አለኝ። ውሃ ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሹ ሲገለብጥ ዋለ አልኩት፣ በኩራት። ስለ መለካት አስረዳሁት፣ ስለ ጣት ጡንቻ አስረዳሁት፣ ስለ ትዕግሥት ሳይቀር አስረዳሁት። ሰውዬው በጥሞና ሰማኝና፣ እኔ ገጠር ሳድግ ስንት ዓመት ውሃ ቀድቻለሁ፣ ከተማ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እሱ እንዳይቀዳ ነው አለኝ።  ልጁ በየቀኑ ደብተር ይዞ እንዲመለስ ተስማማን። ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከሰባቱ አንዷ ሊያ ናት። አራት ዓመቷ ነው። እናቷ አበባ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት የአገሬ ልጅ ናት፤ ባሏ ደቡብ ሱዳን ጁባ ነው የሚሠራው፣ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። አበባ ጠዋት ጠዋት ልጇን በቦዳ፣ በዚያ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ከፊቷ አስቀምጣ ታመጣትና ስማት ትመለሳለች። ሊያ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ከዚያ ዝም።

ዝም ስላችሁ እንደ ዓይን አፋር ልጅ ዝም አይደለም። ጭራሽ ዝም። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ሮሌክሷን፣ ያን ዕንቁላል የተጠቀለለበትን ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ማለቴ ነው፣ ከእጇ ነጥቆ በላባት። አላለቀሰችም። አልከሰሰችም። እጇን አየችና ጭኗ ላይ አደረገችው። ፍሎረንስ ምን የመሰለች ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፣ ሁሉም እንደሷ ቢሆኑ ምን አለበት አለች። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ጆሮዋ ይሆን ብዬ ከኋላዋ የድስት ክዳን ጣልኩ። ብድግ ብላ ዞረች። ትሰማለች። በአማርኛ፣ "ሊያዬ፣ ምን ሆነሻል የኔ ቆንጆ?" አልኳት። በሩን በሩን አየች። እናቷ አለመኖሯን ስታረጋግጥ ነበር፤ ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ማታ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ለአበባ ነገርኳት። ደነገጠች። የደነገጠችው ግን ባሰብኩት ነገር አልነበረም።

"እትዬ ሙሉ፣ በአማርኛ ነው እንዴ የሚያናግሯት?"

"ታዲያ በምን ላናግራት?"

"እባክዎ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ! እኔ ለእንግሊዝኛ ነው ያመጣኋት። ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የማናግራት።"

እሺ አልኳት። ግን እንቅልፍ የማይሰጥ ነገር ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ ሳልነግራት ካባላጋላ ሄድኩ። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ሊያ እዚያው ነበረች።

አበባ ልጇን ስታናግር ሰማሁ። "ሲት" አለቻት። ሊያ ተቀመጠች። "ኢት" አለቻት። ሊያ በላች። ትንሽ ቆይታ "ፊኒሽ?" አለቻት። ሊያ ሳህኑን ገፋች። "ጉድ" አለቻት። አለቀ። እናትና ልጅ በቀን የሚነጋገሩት ይህን ነው። አበባ ያላት እንግሊዝኛ ለእንግዳ የሚነገረው ነው፤ ዌልካም፣ ሲት፣ ፊኒሽ፣ ሲ ዩ። ለልጇ ያወረሰቻት እሱኑ ነው።

ከዚያ አበባ ወጥ ቤት ገባች። ወዲያው የሴቶች ሳቅ ተሰማ። አበባ ስለ አንድ ደንበኛ ታወራለች። ሰውዬው ሚጥሚጣውን ቀረፋ መስሎት ሻይ ውስጥ ሲነሰንስ፣ ሲጠጣ፣ ክብሩን ላለመንካት እያለቀሰ ሁለተኛ ሲደግም! ድምፁን ታስመስላለች፣ አፍንጫውን ሲጠርግ ታስመስላለች። ወይ አፍ! እንዲህ የምታወራ ሴት ከአዲስ አበባ ከወጣሁ አልሰማሁም። እኔም ጥጌ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀና ስል ሊያን አየኋት። የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፋ ቆማለች። አፏ በትንሹ ተከፍቷል። እናቷ ድምፅ በቀየረች ቁጥር የሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

አበባ ድስት ይዛ ስትወጣ አየቻት። ወሬዋን ከመሃል ቆረጠች።

"ሊያ! ሲት።"

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች።

አላስቻለኝም። አበባን አስቀመጥኳትና ያየሁትን ነገርኳት። ለልጅሽ ከአንቺ የተሻለ አስተማሪ የለኝም፣ ያለሽን ቋንቋ ስጫት፣ እንግሊዝኛው ራሱ ይመጣል አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይቀልዎታል" አለችኝ። ከዚያ የሆነችውን አጫወተችኝ። እዚህ በመጣች በዓመቱ ወረቀት ልታሳድስ አንድ ቢሮ ሄደች። ሰልፉ ረዥም ነው። ተራዋ ደረሰ። ጸሐፊዋ ባለትዳር ነሽ ወይስ ላጤ አለቻት፣ በእንግሊዝኛ። አበባ፣ "የስ" አለች። ጸሐፊዋ ደግማ ጠየቀቻት። አበባም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "የስ!" አለች። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። "እኔም አብሬ ሳቅሁ እኮ" አለችኝ። "ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ። ሊያ የዚያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ልጄ እንደኔ የስ ብላ አትቀርም ብዬ እዚያው ማልኩ።"

 ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ሊያ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም። እናቷ ዩኒፎርም ያለው፣ በእንግሊዝኛ የሚዘመርበት ትምህርት ቤት ልታስገባት መሆኑን ሰማን። ፍሎረንስ አላዘነችልኝም። ሰባት ነበሩ፣ በአንደበትሽ ስድስት አደረግሻቸው አለችኝ። እውነቷን ነው። የጥጉን ወንበር ላነሳው ፈልጌ አላነሳሁትም።

በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ አበባ ሊያን እጇን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። አዲስ ዩኒፎርም አልብሳታለች፣ የዚያኛውን ትምህርት ቤት። የእናትየው ዓይን ቀልቷል። ቃለ መጠይቅ ላይ ነበሩ። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ፣ በፈገግታ፣ ስምሽ ማነው ብላ ሊያን ጠየቀቻት። ሊያ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ትንፋሿን ሳበችና፣ "ዌልካም። ሲት" አለቻት። አስተማሪዋ ሳቀች። ክፉ ሳቅ እንኳ አልነበረም።

"ልጄም አብራ ሳቀች፣ እትዬ" አለችኝ አበባ። "ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ።"

ይህን ስትል ሊያ ቀና ብላ አየቻት። አበባ ከነዩኒፎርሟ አቀፈቻትና እዚያው በራችን ላይ በአማርኛ ማውራት ጀመረች። የኔ እናት፣ የኔ ዓለም፣ ምን አደረግኩሽ፣ ምሳ ምን ልሥራልሽ፣ ዛሬ የምትፈልጊውን ነው የምሠራልሽ። ሊያ እጇን የእናቷ አንገት ላይ ጠመጠመች። አልለቀቀችም።

ተመለሰች እንግዲህ። እኔም አበባን አንድ ነገር ለመንኳት። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት እየመጣሽ ለልጆቹ ተረት አውሪ፣ በአማርኛ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጉማለሁ አልኳት። ፍሎረንስ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነው ብላ ክንዷን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አበባ ጅቡንና አህያይቱን አመጣች። ጅቡን ስትሆን ልጆቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ አህያዋን ስትሆን ይንከባለላሉ። ሁለት ረቡዕ አለፈ። ሊያ ትስቃለች፣ ቃል ግን የለም። ቤትም እንደዚያው ነው አለች አበባ። ምናልባት ዘግይተን ይሆን እያልኩ ለብቻዬ መፍራት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ረቡዕ ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ጠፋ። ጭራሽ ድርግም። አበባ ግን መጥታለች፣ ልጆቹ ክብ ሠርተዋል፣ ምን ይደረግ? ያለ አስተርጓሚ ጀመረች። ጅቡ ጉድጓዱ አጠገብ አድፍጧል። አህያዋ ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ብላለች። ጅቡ ዘለለ! አበባ እዚህ ጋ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆመች።

ልጆቹ ጮኹ። ያዛት ወይ? ያዛት ወይ? እኔን ያዩኛል፤ እኔ ጉሮሮዬን እይዛለሁ። ፍሎረንስን ያያሉ፤ እሷ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ያ የናካሴሮው ሰውዬ ልጅ በመጨረሻ ሊያን ክንዷን ይዞ ናጣት፤ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ፣ አህያዋ ምን ሆነች ብሎ።

ሊያ እናቷን አየች። ልጁን አየች። ከዚያ፣ "ኤዱሴ!" አለች።

ሮጠች ማለት ነው። በሉጋንዳ! በአማርኛ የሰማችውን፣ ማንም ባላስተማራት በሉጋንዳ። ልጆቹ በደስታ አበዱ። ወደየት ሮጠች፣ ጅቡስ አሏት። እሷም ነገረቻቸው። አበባ የምትለውን እየጠበቀች፣ እየተንተባተበች፣ እስከ መጨረሻው። ሁለት ወር ሙሉ ጥግ ተቀምጣ የልጆቹን ቃል ስትለቃቅም ነበር ለካ። አበባ ከእንባዋ ጋር ጅቡን መሆን አቃታትና ጅቡ ያለ ወትሮው ሲያለቅስ ተረቱ አለቀ።

የማን ሥራ ነው? እኔ የእናት ቋንቋ ነው አልኩ፣ ድምፄ ሲመለስ። ፍሎረንስ ሉጋንዳ ነው፣ አንቺማ አፍሽን በዘጋሽ ቀን ነው ልጅቷ የተናገረችው አለችኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ትደግምልኛለች። የናካሴሮው አባት ደግሞ ልጁ የአህያዋን ተረት ቤት ሄዶ ሲያወራለት ሰማና መጣ። ይህቺ የተረት አስተማሪ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትመጣው ለምንድን ነው ብሎ ተቆጣ።

አሁን የልጆቻችን ቁጥር ሃያ አንድ ደርሷል። ሊያም እንግሊዝኛው መጣላት፤ ከየት እንደመጣ እኔን አትጠይቁኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር አበባ ምግብ ቤት ምሳ ልንበላ ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። ሊያ በየጠረጴዛው እየዞረች እንግዳ ትቀበላለች፤ ላንዱ በአማርኛ፣ ላንዱ በሉጋንዳ፣ ላንዱ በእንግሊዝኛ። አበባ ግን ፊቷ ቀልቶ ወደኛ መጣችና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

"እትዬ ሙሉ፣ ትምህርት ቤታችሁ ዝም ማለት የሚያስተምርበት ክፍል የለውም?"

"ምነው?"

"እስካሁን ለሦስት ጠረጴዛ፣ በሦስት ቋንቋ፣ ዶሮው የትናንት ነው ብላ ነገረችብኝ!"

ሳቄን ልይዝ ብዬ አልቻልኩም። ባለቤቴ አልሳቀም። ከፊቱ የቀረበለትን ዶሮ ቀስ አድርጎ ወደኔ ገፋና ሽሮ አዘዘ።